መልስ፦ ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል የኦምን ሕግ በስልክ ማስተማር

ኔትወርክ በሌለበት ክፍል የኦምን ሕግ (ቮልቴጅ = የኤሌክትሪክ ጅረት × ሬዚስታንስ) በስልክ እንዴት ላስተምር ላሉት መምህር፦ በተማሪዎቹ ጥቂት ስልኮች ማሳየት ይችላሉ። የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚያቀርባቸው የፌት (PhET) ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም በስክሪን ላይ እየነካኩ የሚሞከሩ የሳይንስ ማሳያዎች፣ አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

1. ኔትወርክ ባለበት ቦታ ከፌት ድረ ገጽ ላይ የኦም ሕግ ሲሙሌሽኑን ያውርዱ። አንድ የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ) ፋይል ብቻ ነው።

2. ዳታ አጥፍተው ይሞክሩት። ፋይሉን ሲነኩት በኮድ የተሞላ ጽሑፍ ከመጣ አልተበላሸም፤ በክሮም እንዲከፈት ይምረጡ።

3. ስልክ ላላቸው ተማሪዎች በዜንደር ወይም በብሉቱዝ ይላኩላቸው። ካርድ አይበላም።

ሲሙሌሽኑ ላይ ማንሸራተቻውን ጎትተው ቮልቴጁን ከፍ ሲያደርጉ በቀመሩ ውስጥ ያለው የቮልቴጅ ፊደል ያድጋል፣ የጅረቱም አብሮት ያድጋል። ሬዚስታንሱን ሲጨምሩ ግን የጅረቱ ፊደል እያነሰ ይሄዳል። በቃል የሸመደዱትን ቀመር በዓይናቸው ሲያዩት የሚገባቸው ብዙ ናቸው። ከመንካታቸው በፊት ግን ምን እንደሚሆን ደብተራቸው ላይ ግምታቸውን ያስጽፉ፤ ያለዚያ ማንሸራተቻውን ዝም ብለው ወዲያና ወዲህ ይጎትቱታል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። በእኔ ክፍል እንዳየሁት ስልኩ ባለቤቱ እጅ ላይ ይቀራል፤ ሌሎቹ ከትከሻው በላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፣ ከኋላ ያሉት ጭራሽ ይተዉታል። ስለዚህ የስልኩ ባለቤት ጸሐፊ ይሁን፣ ስልክ የሌላቸው ልጆች ይንኩ። ባለቤቱ ፈቃደኛ ካልሆነ አያስገድዱት፤ የራስዎን ስልክ ለዚያ ቡድን ይስጡ።