«እስከዚህ ሠርቼ እወጣለሁ» ለምትሉ

ልጆች፣ «ሌየር ኬክ» የሚባለው የእንግሊዝ ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ብዙዎቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም፣ ወይም ገና ዳዴ ትሉ ነበር። ግን አሁንም እየተቀባበላችሁ ታዩታላችሁ። እኔንም የእህቴ ልጅ ነው «ጋሼ፣ ይሄንንማ ማየት አለብህ» ብሎ ያስቀመጠኝ። አየሁት። ጥሩ ፊልም ነው፣ አልዋሽም። ዳንኤል ክሬግ ጄምስ ቦንድ ከመሆኑ በፊት የተጫወተበት፣ ማቲው ቮን ደግሞ በዳይሬክተርነት የመጀመሪያው የሆነ ፊልም ነው። ሲያልቅ የእህቴ ልጅ ያለኝ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ፦ «ሰውየው ጥፋቱ መዘግየቱ ብቻ ነው። ትንሽ ቀደም ብሎ ቢያቆም ኖሮ አልፎለት ነበር።»

ይሄን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በዚች በአንዷ አባባል የተነሳ ነው።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ለንደን ውስጥ የትናንሽ ሱቆችን፣ የምግብ ቤቶችንና የታክሲ ሹፌሮችን መዝገብ ስሠራ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ስለ ሽጉጥ ምንም አላውቅም። ገንዘብ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ግን አውቃለሁ፤ ፊልሙንም ያየሁት በዚያ ዓይን ነው።

ላላያችሁት ጫፉን ልንገራችሁ፤ ሃያ ዓመት ያለፈው ፊልም ስለሆነ አበላሸህብን አትሉኝም። ዋናው ሰው ስሙ እስከ መጨረሻው አይነገርም። ኮኬይን አከፋፋይ ነው። ራሱን ግን የሚያየው እንደ ነጋዴ ነው እንጂ እንደ ወንበዴ አይደለም። አይጮኽም፣ አይፎክርም፣ ደንብ አለው፣ ደህና አድርጎ ይለብሳል። የሚበቃውን አጠራቅሟል፤ ሊያቆም ነው። ያን ጊዜ አለቃው ጂሚ ፕራይስ ይጠራውና ሁለት ነገር ያዘዋል። አንደኛው የጠፋች የሀብታም ልጅ ፈልጎ ማግኘት ነው። ሁለተኛው አንድ ሚሊዮን የኤክስታሲ ክኒን ማሻሻጥ። ክኒኑ ደግሞ አምስተርዳም ላይ ከሰርቦች የተዘረፈ ነው፤ ባለቤቶቹም ሰው ገዳይ ልከውበታል።

እምቢ ማለት አልቻለም። እዚህ ላይ ነው የእህቴ ልጅ የሳተው። ሰውየው የቆጠረው የራሱን ገንዘብ ብቻ ነው። መውጫው ግን በጂሚ እጅ ነበር። ጂሚ ራሱ ደግሞ ለካ ለፖሊስ ወሬ የሚያቀብል ሰው ኖሯል፤ እሱንም አሳልፎ ሊሰጠው አስቦ ነበር። ከዓመት በፊት «አቆምኩ» ቢለው ኖሮ ጂሚ መርቆ የሚሸኘው ይመስላችኋል? የበለጠ የሚያውቅ ሰው ሲወጣ የበለጠ ነው የሚፈራው።

አንድ ቦታ ደግሞ ሰውየውና ቀኝ እጁ ሞርቲ ካፌ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንድ የተጎሳቆለ ሰው፣ የድሮ የሚያውቁት፣ መጥቶ ይለጠፍባቸዋል። ሞርቲ እርጋታው ያስቀናል። ድንገት ይነሳና ያንን ሰው ራሱን እስኪስት ይቀጠቅጠዋል። የቆየ ቂም ነው፤ በሱ ጦስ ነው ሞርቲ እስር ቤት የገባው። አያችሁ፣ የሚከፈል የሚሰበሰብ ገንዘብ የለም፤ ግን ሒሳቡ አልተዘጋም። የፊልሙ መጨረሻ ላይም እንዲሁ ነው። ሁሉን አስረክቦ፣ ሥልጣኑንም አልፈልግም ብሎ፣ ከፍቅረኛው ጋር ወደ ውጭ ሲወጣ በጥይት የሚመታው ጂሚ አይደለም፣ ሰርቦቹም አይደሉም። ሲድኒ የሚባል፣ ሰውየው ፍቅረኛውን የነጠቀውና ከቁም ነገር ያልቆጠረው ልጅ ነው።

ከዚችው ከለንደን ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ላንሳላችሁ። ጫት። በዚህ አገር እስከ 2014 ድረስ ጫት ሕጋዊ ነበር። ከኬንያና ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ይመጣል፣ ቫት ይከፈልበታል፣ በሱቅ ይሸጣል። በ2014 ጁን ላይ ታገደ፤ ክላስ ሲ ከሚባሉት፣ ቅጣታቸው ቀለል ከሚለው ዕፆች ተራ ገባ። ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ክርክር ለእናንተ እተዋለሁ (እኔ አልወደውም)። እኔ የማወራው ስለ ሻጮቹ ነው። ያኔ ጫት የሚሸጥ ደንበኛ ነበረኝ። አለቀሰ፣ መንግሥትን ረገመ፣ የመጨረሻውን ሒሳብ ሠራንለት፣ የሱቁን ኪራይ አቋረጠ፣ ታክሲ መንዳት ጀመረ። በቃ። ማንም በሩን አላንኳኳበትም። ያጠራቀመውንም አልወሰዱበትም፤ ምክንያቱም እያንዳንዷ ፓውንድ ወረቀት ነበራት። ከሥራ መውጣት ማለት ይሄ ነው፤ የሚቻለው በሩ ገና ስትገቡም ክፍት ሆኖ ለነበረው ሥራ ብቻ ነው።

«እሺ፣ እኔ አለቃ የለኝም፣ ለራሴ ነው የምሠራው፣ 200,000 ፓውንድ ስይዝ አቆማለሁ» የሚል አይጠፋም። እስኪ እንቁጠረው። በሃያ ፓውንድ ኖት 10,000 ቅጠል ነው። የት ታስቀምጠዋለህ? አልጋ ሥር? ወረቀቱ የሃያ ፓውንድ ኖት 2022 ላይ ከገበያ ሲወጣ አልጋ ሥር የደበቀ ሁሉ ጉድ ፈላበት። ሱቅ አይቀበለውም፤ ባንክ ወይም ፖስታ ቤት ይዞ ሲሄድ ደግሞ «ከየት አመጣኸው?» አለ። ቤት ልግዛ ብትል የቤቱን ውል የሚያስፈጽመው ጠበቃ የገንዘቡን ምንጭ ይጠይቅሃል። ሀብታም ሆነህ ደሃ ነህ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። በዚህ አገር ክላስ ኤ ዕፅ፣ ማለት ኮኬይን፣ ሄሮይን፣ ኤክስታሲ፣ የሸጠ ሰው ከፍተኛው ቅጣት ዕድሜ ልክ እስራት ነው። ይሄን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የማታውቁት የ2002ቱን የወንጀል ገቢ ሕግ ነው። ዕፅ በማዘዋወር የተፈረደበት ሰው በወንጀል የሚኖር ሰው ተብሎ ይመደባል። ከዚያ ፍርድ ቤቱ ክሱ ከተጀመረበት ቀን ወደ ኋላ 6 ዓመት ይሄድና በእጁ የገባውንና ያወጣውን ሁሉ ከወንጀል ነው ብሎ ይነሳል። አይደለም የሚለው እሱ ነው፤ ማስረጃ የሚያመጣውም እሱ ነው። አቁሜያለሁ ያለበት ጊዜ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ይገባል።

ሒሳቡ ደግሞ እንደ እኛ ሒሳብ አይደለም። በ30,000 ገዝተህ በ40,000 ብትሸጥ ላንተ ትርፉ 10,000 ነው። ለሕጉ ግን ያገኘኸው 40,000 ነው፤ የገዛህበትን አይቀንስልህም። መጀመሪያ ሳነበው ደግሜ ነው ያነበብኩት። የታዘዝከውን ካልከፈልክ ተጨማሪ እስራት አለ። እስራቱን ጨርሰህ ስትወጣም ዕዳው አይሰረዝም፣ ወለዱም ይቆጥራል። ያኔ ንብረት የለህም ተብሎ ትንሽ ብቻ ቢወሰድብህ እንኳ ከዓመታት በኋላ ፋይሉ ሊከፈት ይችላል። በላብህ ያገኘኸው ይሁን፣ እናትህ ያወረሰችህ ቤት ይሁን፣ ለዚያ ለድሮው ዕዳ ሊወሰድ ይችላል። እንግዲህ «እስከዚህ ሠርቼ» የሚለው የቱ ጋ ነው የሚያበቃው?

አንድ ጊዜ አንድ ሰው ቢሮዬ መጣ። ከእናንተ ትንሽ የሚበልጥ፣ ጨዋ፣ ሲቀመጥ ወንበሩን እንኳ እንዳይጮኽ በቀስታ የሚስብ ልጅ ነው። ፀጉር ቤት ሊከፍት ነው። ደስ አለኝ። ስንት ወንበር? ሁለት። በሳምንት ስንት ሰው ትጠብቃለህ? የነገረኝን ቁጥር በወረቀት ላይ አካፈልኩት፤ ሁለት ሰው ሌሊቱን ሳይተኛ ቢላጭ አይደርስበትም። ቀና ብዬ አየሁት። እግሩ ሥር የሱፐርማርኬት ከረጢት አለ፣ አፉ ተቋጥሯል። በእግሩ ገፋ አደረገና «ጋሼ፣ ይቺን ቀስ እያልን በሽያጩ ውስጥ እናስገባታለን። ማቆም ፈልጌ ነው» አለኝ።

አምነዋለሁ፤ ማቆም ይፈልጋል። ግን ለማቆም ሌላ ወንጀል ያስፈልገዋል። ያንን ገንዘብ ንጹሕ ማስመሰል ብቻውን እስከ 14 ዓመት ያስቀጣል። የሚረዳው ሰውም ያስፈልገዋል፤ የረዳው አብሮት ይገባል። እኔ ደግሞ በሕግ የታሰርኩ ነኝ። አንድ ሒሳብ ሠራተኛ በሥራው ላይ እንዲህ ያለ ገንዘብ ከጠረጠረ ነገሩ ብሔራዊ የወንጀል ኤጀንሲ ዘንድ እንዲደርስ ሪፖርት ማድረግ አለበት፤ ካላደረገ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ለሰውየው «ሪፖርት አድርጌብሃለሁ» ብሎ መንገርም ወንጀል ነው። ስለዚህ ሥራህን አልይዝልህም አልኩትና በሩን ከፈትኩለት። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እናንተም አትጠይቁኝ።

በዚህ ንግድ ከሁሉም በታች ያሉት ልጆች ታሪክ ደግሞ ፊልሙ ውስጥ የለም። ካውንቲ ላይንስ ስለሚባለው ሰምታችኋል። ከለንደን ወይም ከሌላ ትልቅ ከተማ አንድ የስልክ መስመር ይዘው ወደ ትናንሽ ከተሞች ዕፅ የሚልኩት ናቸው። የሚልኩት በልጆች እጅ ነው። የአሥራ አራት፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በባቡር ይሄዳል፣ የአንድ የተቸገረ ሰው ቤት ገብቶ እዚያ ይሸጣል። መጀመሪያ ጫማ ይገዙለታል፣ ዶሮ ያበሉታል፣ «ወንድማችን» ይሉታል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ይዘረፋል። የሚዘርፉት ብዙ ጊዜ ራሳቸው የላኩት ሰዎች ናቸው። ከዚያ «የጠፋውን ክፈል» ይመጣል፤ ልጁ የሚሠራው ለደመወዝ መሆኑ ይቀርና ለዕዳ ይሆናል። ዕዳው ደግሞ እንዲያልቅ ተብሎ የተሠራ አይደለም። እናቶች ልጄ ዱርዬ ሆነብኝ እያሉ ሲያለቅሱ እሰማለሁ። ዱርዬ ላይሆን ይችላል፤ ባለዕዳ ሆኖ ይሆናል። ልጁ ማታ ሲገባ ከመቆጣታችሁ በፊት «የማን ገንዘብ ነው ያለብህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ ያለህ ልጅ ይሄን እያነበብክ ከሆነ፣ ሕጉ ላንተ ያስቀመጠው ነገር አለ። የ2015ቱ የዘመናዊ ባርነት ሕግ አንቀጽ 45 በሌሎች ተበዝብዞ ወንጀል ለሠራ ሰው መከላከያ ይሰጣል፤ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ደግሞ ተገደድኩ ብሎ ማስረዳት እንኳ አይጠበቅበትም። ሁሉንም ወንጀል አይሸፍንም፤ ግን መኖሩን ሳያውቁ ጥፋተኛ ነኝ የሚሉ አሉ። ፖሊስ ጣቢያ ከተወሰድክ የነፃ ጠበቃ የማግኘት መብት አለህ፤ «አያስፈልገኝም፣ ቶሎ ልሂድ» አትበል። ለቤተሰብ መናገር ካስፈራህ ቻይልድላይን 0800 1111 ነው፣ በነፃ ነው። አዋቂዎቹ ደግሞ ከረጢት ይዛችሁ ወደ እኔ ዓይነቱ ዘንድ አትምጡ። መጀመሪያ የወንጀል ጠበቃ ዘንድ ሂዱና ስላለፈው ነገር ምክር ጠይቁ፤ ያንን ምስጢር ጠበቃ መጠበቅ ይችላል፣ እኔ አልችልም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱም ዩኒቨርሲቲ ላላችሁት ነው። «አካውንትህን ለሁለት ቀን ብቻ፣ ገንዘብ ይገባልሃል፣ ቆርጠህ ታስቀራለህ» የሚል ጓደኛ ይመጣል። እናንተ ዕፅ አልነካችሁም። ገንዘቡ ግን ከዚያው ነው የሚመጣው፣ ወይም ከተጭበረበረ አሮጊት። ባንኩ ሲደርስበት አካውንታችሁን ይዘጋል፣ ስማችሁ ሲፋስ የሚባለው የማጭበርበር መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ እዚያም 6 ዓመት ሊቆይ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አካውንት መክፈት፣ የስልክ ኮንትራት መያዝ፣ ቤት በብድር መግዛት ፈተና ነው። ገንዘቡ አሁን ገብቶ ከሆነ አትንኩት፣ ወደተባላችሁበትም አትላኩት፤ ለጓደኛችሁ ሳይሆን ለባንኩ ዛሬውኑ ደውሉ። ልካችሁት ከሆነ ግን ከባንኩ በፊት ጠበቃ አነጋግሩ፤ የላካችሁበትንም የመልእክት ልውውጥ አታጥፉት።