ግሱን ፈልጉ፣ ባለቤቱንም ጠይቁ

ልጆቼ፣

ለብዙ ዓመታት ሌሎች በእንግሊዝኛ የጻፏቸውን ሪፖርቶችና ደብዳቤዎች ሳርም ኖሬያለሁ። የቃላት እጥረት ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ወጣቶች ቃል ያውቃሉ፤ አንዳንዴም ከሚያስፈልገው በላይ ያውቃሉ። የሚቸግራቸው አንዱ ሐሳብ የት እንዳለቀና ሌላው የት እንደጀመረ ማሳየት ነው። ስለዚህ ሌላውን የሰዋስው ሕግ ከማብዛታችሁ በፊት «ኢንዲፔንደንት ክሎዝ» የሚባለውን፣ ብቻውን መቆም የሚችለውን ክፍል፣ መለየት ተለማመዱ።

ርዝመት አያታላችሁ። «ሺ ስሌፕት» በሁለት ቃል ሙሉ ነው። «ስቶፕ» እንኳ ብቻውን ይቆማል፤ ትእዛዝ ስለሆነ ባለቤቱ «ዩ» ሳይጻፍ ይታወቃል። «ዘ ማን ሁ ኬም የስተርደይ» ግን አምስት ቃል ይዞም አይቆምም። ግስ አለው ትሉኝ ይሆናል። አለው፤ ነገር ግን «ኬም» የ«ሁ» ነው፤ ሰውዬው ራሱ ምን እንዳደረገ ገና አልተነገረንም። እንግዲህ ጊዜን የሚያሳየውን ግስ ፈልጉ፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ከዚያ እንደ «ቢኮዝ»ና «ዌን» ያለ ጥገኛ የሚያደርግ ቃል ከፊቱ ቆሞ እንደሆነ እዩ።

እኛ በአማርኛ ያደግን ሰዎች የምንሰናከልበት የራሳችን ምክንያት አለን። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በውስጡ ይዞ ይሄዳል። «እየዘነበ ነው» ካልን በቂ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ያ ምንም የማይሠራ የሚመስለው «ኢት» ከፊት ካልቆመለት ጎዶሎ ነው። ደግሞም እኛ «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ ወጣ» እያልን የሐሳቡን ክብደት ሁሉ በመጨረሻው ግስ ላይ እናሳርፋለን። እኔ ይህን የአማርኛ አካሄድ እጅግ እወደዋለሁ። ወደ እንግሊዝኛ ይዘነው ስንገባ ግን እያንዳንዱ ግስ የየራሱን ባለቤት ይዞ ይነሣና፣ አራትና አምስት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች በኮማ ብቻ ተያይዘው ገጹን ይሞላሉ። አንባቢው የት ትንፋሽ እንደሚወስድ አያውቅም።

ኮማ ብቻውን ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎችን አያያይዝም። ወይ በነጥብ ለዩአቸው፣ ወይ ሴሚኮለን (;) አስገቡ፣ ወይ ከኮማው ቀጥሎ እንደ «አንድ»፣ «በት» ወይም «ሶ» ያለ መስተጻምር ጨምሩ። ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ይህን ሕግ ሆን ብለው ሲጥሱ ታገኟቸዋላችሁ። የሥራ ማመልከቻችሁን የሚያነብ ሰው ግን ሆን ብላችሁ ነው ብሎ አይጠረጥርም።

«ምንም እንኳ ቢዘንብም እርሱ ግን መጣ» ማለት ለእኛ ቀና ነው። በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ብላችሁ ከጀመራችሁ «በት»ን ተዉት። «ኦልዞው» የመጀመሪያውን ክፍል ጥገኛ አድርጎታል፤ «በት» ደግሞ ከፊቱ እኩያ የሆነ፣ ራሱን የቻለ ክፍል ይፈልጋል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

«ሀውኤቨር» (ይሁን እንጂ) እና «ዜርፎር» (ስለዚህ) መስተጻምር ይመስላሉ፤ ነገር ግን ተውሳከ ግስ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለት ሙሉ ክፍሎችን የማያያዝ ሥልጣን የላቸውም። በሁለቱ መካከል ሲገቡ ከፊታቸው ነጥብ ወይም ሴሚኮለን፣ ከኋላቸው ኮማ ይሁን፦ «ኢት ሬይንድ፤ ሀውኤቨር፣ ሂ ኬም»። ብዙ የተማሩ ሰዎችም በሁለቱም ቦታ ኮማ ያስቀምጣሉ። እናንተ አታስቀምጡ።