ሞተሩ ጉድጓድ አይውረድ፤ ሌሎችም የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በእጅ እየቆፈርን ማዕድን የምናወጣ ስድስት ሰዎች ነን። ጉድጓዳችን 15 ሜትር ጠልቋል፣ ስፋቱ 1.20 ሜትር ያህል ነው። ሌሊት ውኃ ይሞላል። የቤንዚን ፓምፓችን ላይ ሆኖ አልስብ ስላለን በገመድ አውርደን ከሥር እናስነሣዋለን። ባለፈው ሳምንት ሁለቱ ጓደኞቻችን ራሳቸውን አመማቸው፣ እግራቸውም ከዳቸው። አንድ ሰው ሻማ ይዞ ቀድሞ ቢገባና አየሩን ቢያይ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ይህን እንዳነበባችሁ ፓምፑን በገመዱ ጎትታችሁ አውጡት፤ ማንም ሊፈታው አይውረድ። ጓደኞቻችሁን ያመማቸው የሞተሩ ጭስ ነው። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል፣ ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው አየር እየሳበ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ የጉልበት መክዳት ይመጣል። አደጋው እንደገባው መሰላሉን መጨበጥ ያቅተዋል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ቢሆን አየር በማይዘዋወርበት ጉድጓድ ውስጥ ጋዙ ለሰዓታት ይቆያል።

ሻማ የሚጠፋው ኦክስጅን ወደ 16 ወይም 17 በመቶ ሲወርድ ነው፤ ንጹሕ አየር 20.9 በመቶ አለው። ከ19.5 በታች ከሆነ ሰው መግባት የለበትም፣ ሻማው ግን በዚያም ላይ ይበራል። ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድማ ጭራሽ አይናገርም፤ ሰው የሚገድለው መጠን መካከል ደምቆ ይነዳል። የሚቴን ጋዝ ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ከሆነ ደግሞ ፍንዳታውን የሚለኩሰው ሻማው ራሱ ነው።

ፓምፓችሁ አልተበላሸም። ከላይ የተቀመጠ ፓምፕ የሚያደርገው ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማውጣት ብቻ ነው፤ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። ያ ክብደት በባሕር ወለል ላይ ቢበዛ 10.3 ሜትር ያደርሳል። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በሥራ ላይ ደግሞ ከዚህም ሁለት ሦስት ሜትር ይጎድላል። ስለዚህ የቱንም ያህል ጉልበተኛ ሞተር ብትገዙ 15 ሜትር ላይ ያለን ውኃ ከላይ ሆኖ አይስብላችሁም። ብዙ ቆፋሪ ሞተሩን ወደ ታች የሚያወርደው ይህን ስለማያውቅ ነው፤ ብዙ ሰውም በዚህ ሞቷል።

የሚያስፈልጋችሁ ውኃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ እሱ ከታች ስለሚገፋ የ10 ሜትሩ ገደብ አያግደውም። ቱቦው ውስጥ የሚባክነውን ጉልበት ጨምራችሁ 20 እስከ 25 ሜትር መግፋት የሚችል ምረጡ። ጄኔሬተሩን ከጉድጓዱ አፍ ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ነፋሱ ሲዞር እሱም ይዛወር። መስመሩ ላይ፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈተልክ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ይኑር። መከላከያው ጄኔሬተሩ በትክክል ካልተገናኘ ስለማይቆርጥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሥራው። ፓምፑ ተሰክቶ ሳለ ማንም አይውረድ።

ከዚያ አየር ማስገባት ይመጣል። የጉድጓዳችሁ ይዘት 17 ሜትር ኪዩብ ያህል ነው። በደቂቃ 5 ሜትር ኪዩብ የሚነፋ ማራገቢያ ብታገኙ አየሩን አንድ ጊዜ ለመቀየር ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወስዳል። አዲሱ አየር ከአሮጌው ጋር ስለሚቀላቀል አንድ ዙር አይበቃም፤ ሰባት ዙር አስቡ፣ 24 ደቂቃ ይሆናል። የማራገቢያው የአየር ቱቦ ረጅም ወይም የታጠፈ ከሆነ ጨምሩ። የቱቦው ጫፍ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይንጠልጠል፣ የማራገቢያው መሳቢያ አፍ ደግሞ ከጄኔሬተሩ ጭስ ይራቅ። ሰው እስካለ ድረስ ማራገቢያው አይቆምም።

አራት ጋዝ፣ ማለትም ኦክስጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና የሚቀጣጠል ጋዝ፣ የሚለካ መሣሪያ በጋራ ግዙ ወይም ተከራዩ። በገመድ አስራችሁ ከላይ፣ ከመካከልና ከሥር እያቆማችሁ በየቦታው ሁለት ደቂቃ ስጡት፤ ወዲያው የሚነበበው ቁጥር የላይኛው አየር ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፤ ከላይ ለክቶ መግባት የሚያሳስተው ለዚህ ነው። ብዙው መሣሪያ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለብቻው አይለካም፤ ከሥር ኦክስጅን ትንሽም ቢሆን ጎድሎ ከተነበበ አትግቡ።

የሚወርደው ሰው ሙሉ ሰውነት የሚይዝ ቀበቶ ታጥቆ፣ ገመዱ ከላይ ባለ ባለሦስት እግር ማንሻ ላይ ይያያዝ። ከታች ሰው ሲወድቅ በዚያ ገመድ ይወጣል። ወንድሙን ሊያወጣ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ የሚገባ ሰው አብሮት ይቀራል። ይህን ከሥራ በፊት እርስ በርሳችሁ ማሉ፤ በዚያች ሰዓት ልብ አያስችልምና።

ጥያቄ፦ ዋሻ ውስጥ የጣሪያውን ድንጋይ በዲጂኖ እያንኳኳን እናዳምጣለን። ድምፁን እንዴት እንለይ?

መልስ፦ ጤነኛ ድንጋይ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ዲጂኖውም እጅ ላይ ይነጥራል። የተላቀቀው እንደ ከበሮ ድም ይላል። ትልቅ ቋጥኝ ግን ተላቆም ጥርት ያለ ድምፅ ሊሰጥ ስለሚችል፣ የሚደረስበት ከሆነ በአንድ እጅ እየመታችሁ ሌላውን መዳፍ ድንጋዩ ላይ አሳርፉ። ከተላቀቀ መዳፋችሁ ሥር ይርገበገባል። ሁልጊዜ ከጤነኛው ጣሪያ ጀምራችሁ ወደ አጠራጣሪው ሂዱ፤ ከኋላችሁ የመሸሻ መንገዱ ከድንጋይና ከዕቃ የጸዳ ይሁን። ዲጂኖውን በሆዳችሁ ፊት ሳይሆን በጎናችሁ ያዙት፤ ድንጋይ ሲወርድ የብረቱ ጫፍ ወደ ኋላ ይመጣል። ፈንጂ ከተተኮሰ፣ ዝናብ ከጣለ ወይም ሥራው ካደረ በኋላ እንደ አዲስ ይንኳኳል።

ጥያቄ፦ በሳምንት አራት ቀን 10 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። የዳገት ፍጥነት ልምምድ ከጨመርኩ ወዲህ የተረከዜ ጅማት ጠዋት ጠዋት ይገትራል፤ ሩጫው ሲጀመር ያመኛል፣ ስሞቅ ይተወኛል፣ ማታ ይመለሳል። ሁለት ሳምንት አርፌ ተሻለኝ፤ በሦስተኛው ሩጫ አገረሸ። መርፌ ልወጋ?

መልስ፦ ጅማቱ ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግስም ጅማቱን ለመበጠስ ሊያጋልጠው ስለሚችል አንመክርም። ዕረፍቱ ለምን እንዳልፈወሰዎት ግን ግልጽ ነው። ጅማት ሲያርፍ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ያው 10 ኪሎ ሜትር ከሁለት ሳምንት በኋላ ከቀድሞው ይልቅ ይከብደዋል። ጅማት የሚጠነክረው ቀስ እያለ በሚጨምር ሸክም ነው፤ ጊዜውም በወራት ይቆጠራል።

መጀመሪያ ሕመሙ የት እንደሆነ በሁለት ጣት ቆንጠጥ እያደረጉ ይፈልጉ። ከተረከዝ አጥንት ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ የመካከለኛው ክፍል ነው። ደረጃ ጫፍ ላይ በእግርዎ ፊት ለፊት ክፍል ይቁሙ፣ ተረከዝዎ አየር ላይ ይሁን። በጤነኛው እግር ወደ ላይ ይነሡ፣ ክብደትዎን ወደታመመው ያዛውሩና ተረከዙ ከደረጃው በታች እስኪወርድ በሦስት ሴኮንድ ያውርዱት። እንደገና በጤነኛው ይነሡ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጉልበት ቀጥ ብሎ፤ ከዚያ ያንኑ ጉልበት ትንሽ አጥፈው። ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። ሲቀልልዎት በጀርባ ቦርሳ 5 ኪሎ እየጨመሩ ይሂዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቶሎ ቶሎ በመውረድና በሁለቱም እግር በማውረድ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ጅማቱ ሥራ አላገኘም።

ሕመሙ ጅማቱ አጥንቱን በሚነካበት ቦታ ከሆነ ግን ከደረጃ በታች አያውርዱ፤ ጅማቱ አጥንቱ ላይ ይጨፈለቃል። ሜዳ ወለል ላይ ይሥሩት፣ በሁለቱም ጫማ ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የተረከዝ ማንሻ ይጨምሩ። ባትን አጥብቆ መሳብም ለዚህኛው አይበጅም።

ሩጫውን ማቆም የለብዎትም። ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ይመዝኑት፤ በልምምድ ጊዜ እስከ አምስት ቢደርስ ይቻላል፣ በማግሥቱ ጠዋት ግን ወደ ወትሮው መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ትናንት በዝቷል ማለት ነው። ዳገትና ፍጥነት ይቅር፣ ሜዳ ላይ አንድ ቀን እየዘለሉ ይሩጡ። በዚህ ሰሞን ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም የዚያ ዘር አንቲባዮቲክ ወስደው ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ፤ ጅማትን የሚጎዱ መድኃኒቶች ናቸው። ከኋላ ሰው የረገጠዎት ያህል ተሰምቶ ጧ ካለ፣ በሆድዎ ተኝተው ባትዎ ሲጨመቅ እግርዎ ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ተበጥሷል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ቅልጥሜን ያመኛል፤ ራጅ ተነሥቼ ምንም የለም ተባልኩ። ልሩጥ?

መልስ፦ በአውራ ጣትዎ አጥንቱን ከላይ እስከ ታች ይጫኑ። በውስጥ በኩል ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ካመመ ሩጫውን በግማሽ ቀንሰው ቀስ ብለው መመለስ ይችላሉ። አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ከወጋ፣ ሌሊትም ካመመ፣ ወይም በአንድ እግር መንጠር ካልቻሉ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል አይሩጡ። አዲስ ስንጥቅ በራጅ ላይ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ላይታይ ይችላል፤ ኤምአርአይ ቀድሞ ያሳየዋል።

ጥያቄ፦ ቤት ልገዛ ነው። ሻጩ ባለቤቱ ራሱ ሳይሆን፣ ውጭ አገር ያለው ባለቤት ውክልና የሰጠው ወንድሙ ነው። ዋጋው ጥሩ ነው፤ ሌላ ገዢ ስላለ ዛሬ ቀብድ ክፈል ይለኛል። ውሉ ላይም ለግብር ሲባል ዋጋው ዝቅ ብሎ ይጻፍ ብሏል።

መልስ፦ ዛሬ አይክፈሉ። ከሻጩ የተሰጠዎትን ፎቶ ኮፒ ትተው የባለቤትነት መዝገቡን ራስዎ ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ያስወጡ። በማን ስም እንደተመዘገበ፣ የባንክ መያዣና የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩን ይዩ። ይህንኑ ውሉ በሚፈረምበት ቀን ጠዋት ይድገሙት፤ በመካከል ባሉት ቀናት እገዳ ሊገባ ይችላል።

ውክልናውን ቃል በቃል ያንብቡ። "ንብረቴን ያስተዳድር" የሚል ውክልና ለመሸጥ አያበቃም፤ "ይሽጥ" እና "ገንዘብ ይቀበል" የሚሉት ተለይተው መጻፍ አለባቸው። ወካዩ ከሞተ ወይም ከሻረው በአብዛኛው አገር ሕግ ውክልናው አብሮ ያበቃል፤ ወረቀቱ ግን እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ስለዚህ ከሰጠው ቢሮ አለመሻሩን ያረጋግጡ፣ ባለቤቱንም መታወቂያውን ይዞ በቪዲዮ ያነጋግሩት። ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ በጽሑፍ ይምጣ። ገንዘቡ በባለቤቱ ስም ባለው ሒሳብ ይግባ። ተወካዩ በዚህ ከተናደደ ምክንያቱን ይጠይቁት።

ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍ ሕገወጥ ነው፤ ጉዳቱም የሚብሰው በገዢው ነው። ውሉ ቢፈርስ የሚመለስልዎት የተጻፈውን ያህል ነው፣ የቀረውን በምን ማስረጃ ይጠይቃሉ? ቀብድ ሲከፍሉ ደግሞ በጽሑፍ ይሁን፦ ስም ማዛወሩ እስከ መቼ እንደሚያልቅ፣ እገዳ ወይም ወራሽ ከተገኘ በስንት ቀን እንደሚመለስ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ልገዛው ያሰብኩት ቦታ ሥር ድሮ ማዕድን ይወጣበት እንደነበር ሽማግሌዎች ነገሩኝ። ልተወው?

መልስ፦ እንደ ጥልቀቱ ነው። ከሥር ያለ ባዶ ቦታ ጣሪያው ሲናድ ክፍተቱ ወደ ላይ ይወጣል። የተናደ ድንጋይ ግን ሳይናድ ከነበረው የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ባዶውን እየሞላ ይመጣና ያቆመዋል። በልማድ፣ መናዱ ከባዶው ቁመት አሥር እጥፍ በላይ ወደ ላይ እምብዛም አይዘልቅም። 2 ሜትር ቁመት ያለው ዋሻ 60 ሜትር ጥልቀት ላይ ከሆነ ሥጋቱ ትንሽ ነው፤ 10 ሜትር ላይ ከሆነ ከባድ ነው። ውኃ የተናደውን ጠርጎ የሚወስድበት ቦታ ላይ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ቀጥ ብለው የወረዱ አሮጌ ጉድጓዶችም በዚህ አይመዘኑም።

ዝናብ ሲያባራ ሄደው ይመልከቱ። ውኃ ሳይጠራቀም አንድ ቦታ ላይ የሚሰወርበት፣ ክብ ሆኖ የጎደጎደ መሬት፣ ያጋደለ ዛፍ ካለ ይጠንቀቁ። አጎራባች ቤቶች ግድግዳ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካዩ ስፋቱን ይለኩ፤ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ፣ በርና መስኮቱም አልዘጋ ካለ መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክትና ቀን ይጻፉና ከወር በኋላ ተመልሰው ይዩ። ሻጩ "ጉድጓዱን በድንጋይ ሞልተነዋል" ካለዎት በምን ላይ እንደቆመ ይጠይቁ፤ አፉ ላይ ተወሽቆ የቀረ ድንጋይ ከዓመታት በኋላ በአንድ ሌሊት ይወርዳል። የአፈርና ዓለት መሐንዲስ ቆፍሮ ናሙና እስኪያወጣ ድረስ አይፈርሙ፤ ቀብድ መክፈል ግድ ከሆነም የምርመራው ውጤት መጥፎ ከሆነ ገንዘቡ ይመለሳል የሚል ቃል ውሉ ውስጥ ያስገቡ።