የአባዬ ሽርጥ ስንት አገር ያዞራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የ9 ዓመት ወንድና የ6 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ቅዳሜ ስልክ ላይ ተጥደው ከሚውሉ የሌላ አገር ምግብና አለባበስ እቤት እየሞከርን ብንጫወት ብዬ አሰብኩ። ግን የጅቡቲ ከባድ መኪና በደጃችን ሲያልፍ ከማየቴ በቀር ስለ ውጭ አገር የማውቀው የለም። የሚሸጡት ልብሶችም ዋጋቸው እሳት ነው። ደግሞ ቤቴ የሚመጡት የጎረቤት ልጆች ሙስሊሞች ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን ነን። ምን ብሠራ ሁሉም ይበላሉ? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ልብስ አትግዢ። ባለቤትሽ ማታ ከሥራ ሲገባ ሽርጥ ያገለድማል አይደል? ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያገለድማል፣ ስለዚህ ከሱ ጀምሪ። ሰኞ ባቲ ገበያ ብትወርዱ የአፋር ወንዶች ለብሰውት ታያላችሁ። ባሕሩን ስትሻገሪ የመኖች ፉጣ ይሉታል። ደቡብ ሕንድ ሉንጊ ነው፣ ማያንማር ሎንጂ፣ ኢንዶኔዥያ ሳሮንግ። ሳሮንግ ሁለት ጫፉ ተሰፍቶ የተገጠመ ስለሆነ ልጁ ውስጡ ይገባና ትርፉን ወገቡ ላይ አጥፎ ይጠቀልለዋል። ሉንጊን ፊት ለፊት ይቋጥሩታል፣ ሲሞቅ ወይ ሥራ ሲኖር ደግሞ እስከ ጉልበት አጥፈው ያስሩታል። በአንድ ጨርቅ አምስት አገር ማለት ነው። ካርታ ካላችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉትና በጣቱ ይከተል።

ለትንሿ ሳሪ። ሳሪ የሕንድ ሴቶች የሚለብሱት ያልተሰፋ ረጅም ጨርቅ ነው፣ አብዛኛው ከ5 እስከ 6 ሜትር ይሆናል። ለእሷ ግን ያንቺ ነጠላ ይበቃታል። ጉርድ ወይ ታይት አልብሻት፣ የነጠላውን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጉጠሽ አንድ ዙር አዙሪው፣ ፊት ለፊት ሸንሽነሽ ሸጉጪና የቀረውን በደረቷ አሳልፈሽ በግራ ትከሻዋ ወደ ኋላ ጣይው። መርፌ ቁልፍ አትርሺ፣ ስትሮጥ መውለቁ አይቀርም።

አሁን ምግቡ። ሥጋ ለምን እንደማይሆን ላንቺ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ምስርና ቂጣ ግን የሁሉም ናቸው፣ ረቡዕና ዓርብም አያስቸግሩም። ሕንዶች ዳል የሚሉትን ሥሪላቸው። 1 ኩባያ ምስር ክክ በ3 ኩባያ ውኃ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጋር ይቀቀላል። እኛ ቁሌቱን ነው የምናስቀድመው፣ እነሱ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ያመጡታል። ምስሩ ሲፈርስ ለብቻው ዘይት ታግያለሽ፣ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ትጨምሪና ሳያርር ምስሩ ላይ ትገለብጪዋለሽ። ያን «ጭስስስ» የሚል ድምፅ ልጆቹ ይወዱታል፣ ግን ራቅ ይበሉ፣ ዘይቱ ይፈናጠራል። ቂጣቸው ቻፓቲ ይባላል፣ 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ጨውና ለብ ያለ ውኃ ነው። እርሾ የለውም። ግማሽ ሰዓት ያርፍና በመዳመጫ ሳስቶ፣ ያለ ዘይት በጋለ መጥበሻ ይጋገራል። መዳመጥ የልጆች ሥራ ነው፣ ክብ ባይወጣላቸው አትቆጪ።

እግረ መንገድሽን የራሳችንን በርበሬ አሳዪያቸው። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። ድንችም፣ ቲማቲምም፣ በቆሎም እንደዚያው። በቆሎን «የባሕር ማሽላ» የሚሉት ወደው አይደለም። ልጅሽ «ታዲያ በርበሬ ሳይመጣ ወጡ ምን ነበር?» ካለሽ፣ አልጫ በይው።

ሌላው፣ ሰፈርሽን ቃኚ። ጅዳ ወይ ሪያድ ሠርታ የተመለሰች ሴት የሌለችበት ሰፈር አለ? ሩዙ ከሄልና ቅርንፉድ ጋር በመረቁ ውስጥ እንዴት እንደሚበስል፣ የደረቀው ሎሚ መቼ እንደሚገባ፣ የሳዑዲዎቹን የሥጋ ሩዝ፣ ከብሳን፣ ከማንም በላይ እሷ ታውቀዋለች። ሥጋውን ትታ በአትክልት መረቅ ልትሠራላችሁ ትችላለች። ግን አስቀድመሽ ለብቻዋ ጠይቂያት። ሁሉም ጥሩ ትዝታ ይዞ አልመጣም፣ ልጆች ፊት «እዚያ እንዴት ነበር?» ብሎ ማፋጠጥ ነውር ነው። እሺ ካለች የቀኑ እንግዳ እሷ ናት፣ ቡናውን አንቺ አፍዪ።

ጥያቄ፦ የልጄ ትምህርት ቤት የዓለም ባህል ቀን አዘጋጅቶ ለእሷ ጃፓን ደረሳት። እኔ ኪሞኖ ከየት ላምጣ? (አባት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብህ እያለ ጨርቅ ቸገረኝ ትላለህ? አበባ ያለው አሮጌ አንሶላም ይሆናል። እጅጌው ሰፊ፣ ከፊት ክፍት፣ ወገቡ ላይ በሰፊ መቀነት የሚታሰር ነው። ዋናው ነገር አደራረቡ ነው። ቀኙ ወደ ሰውነቷ፣ የግራው ጎን ከላይ። ይህን የምልህ ጉድ ሆኜ ስላየሁት ነው። አምና ለእህቴ ልጅ ሰፍቼላት ቀኙን ከላይ አድርጌ አሰርኩላት፣ ፎቶ አንስቼ ለዘመድ ሁሉ ላክሁ። በኋላ ስሰማ ለካ ጃፓን ውስጥ ቀኙ ከላይ የሚሆነው ሬሳ ሲገነዝ ነው። የነጠላውን ጥለት እንደ ሐዘንተኛ ወደ ላይ አድርጎ ሠርግ ቤት መግባት ማለት ነው እኮ!

ፊቷን ነጭ አትቀቧት፣ ዓይኗን አትሳቡ። ያ ባህል ሳይሆን ማሾፍ ነው። ጃፓናውያን አዘቦት ቀን እንደኛው ሱሪና ሸሚዝ ነው የሚለብሱት፣ ኪሞኖ ለሠርግና ለበዓል ይወጣል። ይህንን ራሷ ክፍሏ ውስጥ ትናገር። ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ኦኒጊሪ ጨምርላት፣ በእጅ የተጨበጠ ሩዝ ነው። የሱቁ ሩዝ አልጣበቅ ስለሚል ውኃ አብዝተህ አለስልሰው፣ ከዚያ እጅህን በጨው ውኃ አርጥበህ ሳይቀዘቅዝ ጨብጠው።

ጥያቄ፦ እናቴ «የሰው አገር ምግብ ቤቴ አይገባም» አለች። ልጆቹም እሷን እያዩ አንቀምስም ይላሉ። ምን ላድርግ? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውኃ)

መልስ፦ እናትሽ ፓስታ ይበላሉ? እንግዲያው ጣልያን በ1928 ዓ.ም ደሴ ሲገባ የነበሩት ታላላቆቻቸው መኮረኒ መጀመሪያ ሲያዩ ምን ይሉ እንደነበር፣ የሰሙት ካለ ልጆቹ ፊት ጠይቂያቸው። ሳቁ ከመጣ ነገሩ ግማሽ ሄዷል። ከዚያ ከላይ የጻፍኩትን ቻፓቲ እሳቸው አጠገብ ጀምሪ። «ቂጣ እንዲህ ነው እንዴ የሚዳመጠው?» ብለው መዳመጫውን ከእጅሽ ሲነጥቁሽ ዝም በይ።