አስከሬን ለመላክ ከምናዋጣ ዋና እንማር፦ ምክር ለዲያስፖራው

አሜሪካ 19 ዓመት ኖሬ ተመልሻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የነበርኩት ሳንዲያጎ ነው። አሁን የምኖረው ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ነው። ወደ ውጭ የሚሄድ የሰፈር ልጅ ሁሉ ሳይሄድ እኔ ጋ ይመጣል፣ የሄደውም ይደውላል። ስለ ቤት ኪራይ ይጠይቀኛል፣ ስለ ሥራ፣ ስለ መንጃ ፈቃድ። ስለ ውሃ የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ የለም። ስለዚህ ሳትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

1. ወረቀት

ቀጠሮ አታሳልፉ፣ አድራሻ ስትቀይሩ አሳውቁ፣ ሳታነቡ አትፈርሙ። በቃ።

2. ገንዘብ

ለሰው ሰርግ ተበድራችሁ አትላኩ። ቤት ካሠራችሁ በየጊዜው ራሳችሁ መጥታችሁ እዩት። እዚህ ሰፈር ጣሪያ ሳያገኝ ዓመታት የቆመ ቤት ብዙ ነው። በዚህ ላይ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

3. ባሕር

አዲስ አበባ ተወልዶ ዋና ተምሮ ያደገ ሰው ስንት ታውቃላችሁ? እኔ በጣት የምቆጥራቸውን ነው የማውቀው። የተማርንበት ትምህርት ቤት ገንዳ አልነበረውም፣ ወላጆቻችንም ውሃ ይፈራሉ። ይህ ሰው ዲቪ ይደርሰዋል፣ ይሄዳል፣ ገና ሻንጣውን ፈትቶ ሳይጨርስ ጓደኞቹ ቢች ይወስዱታል። ፎቶ ይነሳል። ከዚያ እስከ ጉልበቱ ይገባል፣ ከዚያ እስከ ደረቱ።

የአክስቴን ልጅ የወሰድኩት እኔ ነኝ። 24 ዓመቱ ነበር፣ ከመጣ አምስት ወሩ። ከሥራ ወጥተን ነው የሄድነው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። የነፍስ አድን ጠባቂዎቹ ማማቸውን ዘግተው ሄደዋል። «ትችላለህ?» አልኩት። «ላንጋኖ ዋኝቻለሁ» አለኝ። ሌላ አልጠየቅኩትም። ማዕበሉ የሚፈርጥበትን ቦታ ፈራሁና ጎኑ ያለውን ጸጥ ያለ ውሃ አሳየሁት። «እዚያ ጋ ግባ፣ ማዕበል የለውም» አልኩት።

ያ ጸጥ ያለ ቦታ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ከተቀበረ በኋላ ነው። ማዕበል ወደ ዳር የሚያመጣው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል። ጠለቅ ያለ ቦይ ሲያገኝ ተሰብስቦ በዚያ በኩል ይወጣል። ቦዩ ጥልቅ ስለሆነ ማዕበሉ እዚያ አይፈርጥም፣ ከዳር ለሚያየው የተረጋጋ ውሃ ይመስላል። ሪፕ ከረንት ይሉታል። ሲበረታ በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ ይሄዳል፣ የኦሎምፒክ ዋናተኛም አይቀድመውም። ወደ ታች አይጎትትም፣ ወደ መሃል ነው የሚወስደው። ሰውየው ፊቱን ወደ ዳር አዙሮ ሲታገል ሲታገል ጉልበቱ ያልቃል። በአሜሪካ ቢቾች ጠባቂዎቹ ከሚያወጧቸው 100 ሰዎች ከ80 በላይ የሚሆኑት በዚህ የተወሰዱ ናቸው።

ከወሰዳችሁ አትታገሉት። በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንሱ፣ ጩኹ። መዋኘት የምትችሉ ወደ ዳር ሳይሆን ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ። ከቦዩ ስትወጡ ማዕበሉ እያገዛችሁ ወደ ዳር ዋኙ።

የአክስቴ ልጅ አልጮኸም። መጀመሪያ ያፈረ ይመስለኛል። በኋላ ቢፈልግም አይችልም ነበር፣ የሚሰጥም ሰው አየር ለመሳብ እንጂ ለመጮህ ትንፋሽ አይተርፈውም። እጁን አያወዛውዝም፣ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። እኔ ስልኬን እያየሁ ነበር። ቀና ስል የለም።

ስለዚህ ጠባቂ ባለበት ሰዓት ብቻ፣ ማማው ፊት ለፊት ብቻ ግቡ። የአሜሪካ የሕይወት አድን ጠባቂዎች ማኅበር ሲያሰላው፣ ጠባቂዎቹ ባሉበት ቢች ሰጥሞ የመሞት ዕድል ከ18 ሚሊዮን አንድ ነው። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ያቺ የሄድንባት ሰዓት ከአእምሮዬ አትወጣም። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ራቁ፣ ሁለት ቀይ ከሆነ ውሃው ተዘግቷል። አውስትራሊያ፣ እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ ቀይና ቢጫ በሆኑት ሁለት ባንዲራዎች መካከል እንጂ ከዚያ ውጭ አትግቡ። ጠባቂው ጋ ሂዱና «መዋኘት አንችልም፣ የት እንሁን?» በሉት። ደስ ብሎት ያሳያችኋል፣ ሥራው ነው።

ይሉኝታው ነው የሚገድለን! የ40 ዓመት ሰው ከልጆች ጋር ገንዳ ውስጥ እንዴት እጀምራለሁ ይላል። እህቶች በዋና ልብስ እንዴት እታያለሁ ትላላችሁ፣ እጅጌውም እግሩም ረጅም የሆነ የዋና ልብስ እኮ አለ። እኔ የጀመርኩት በ43 ዓመቴ ነው፣ አጠገቤ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ማንም ዞሮ አላየኝም። ግን ዘግይቼ ነው የጀመርኩት።

አስከሬኑን ለመላክ በሦስት ቀን ገንዘቡ ሞላ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው፣ እድሩ፣ ታክሲ የሚነዱት ወንድሞች፣ በዓይን የማላውቀው ሰው ሁሉ አዋጣ። እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ግን ያ እድር ለአንድ ሰው እንኳ የዋና ትምህርት ከፍሎ አያውቅም ነበር። እኔም አባል ነበርኩ፣ እኔም አንስቼው አላውቅም። ለአስከሬኑ ካወጣነው ገንዘብ በትንሹ በዚያ ዓመት የገቡትን ወጣቶች ሁሉ የከተማው ገንዳ ውስጥ ማስተማር ይቻል ነበር። አሁንም የእድራችሁን መዝገብ ክፈቱና ተመልከቱ፣ ለሞተ እንጂ ላልሞተ የሚወጣ ብር አለው?

አውስትራሊያውያን እድራቸውን ባሕሩ ላይ ነው ያቋቋሙት። ሲድኒ ከተማ ያለው የቦንዳይ ቢች የነፍስ አድን ክበብ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1907 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ይሠራል። እሑድ ጸጉር አስተካካዩም ጸሐፊውም ተራ ይገባሉ። በ1938 ፌብሩዋሪ ወር አንድ እሑድ ተከታታይ ትልልቅ ማዕበል መጥቶ ሰዉን ወደ መሃል ጠረገው። አምስት ሰዎች ሞቱ። ከ200 በላይ ሰው ግን ከነሕይወቱ ወጣ፣ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት ብዙ የክበቡ አባላት እዚያው ነበሩ። ይህን ሳነብ የእኛ ሰው ድንኳን ለመትከል እንዴት እንደሚሯሯጥ ትዝ አለኝ። ሰው ማሰባሰብ እናውቅበታለን እኮ።

4. ልጆች

አማርኛ ይማሩ፣ አዎ። ዋናም ይማሩ። ውሃ አጠገብ ደግሞ ትንሽ ልጅ እጃችሁ ከሚደርስበት አይራቅ፣ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

5. እዚህ ያለው ጉድጓድ

አሁን ስለ ሀገር ቤት። ከቤቴ የ15 ደቂቃ መንገድ ላይ የድንጋይ ካባ አለ። ድንጋዩ አልቆ የተተወ ነው። እናንተ ያሠራችሁት ቤት መሠረቱ የወጣው ከእንደዚህ ዓይነት ካባ ነው። ሰኔ ሲገባ ይሞላል። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጆቹ ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ይገባሉ። ዳሩ ተቆርጦ የወረደ ስለሆነ አንድ እርምጃ ከሄዱ እግር አይደርስም፣ ግድግዳው ያዳልጣል፣ መውጫ የለውም። በአዲስ አበባ ዙሪያ እንደዚህ ያለ ካባና ለግንባታ ተቆፍሮ የተረሳ ጉድጓድ በየክረምቱ ልጅ ይቀጥፋል። ከዚያ «ውሃ በላው» እንላለን። አንዳንዱ ውሃው ግብር ይፈልጋል ይላል። ግብር አይደለም፣ አጥር የለውም!

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 ብቻ 300 ሺህ ያህል ሰው ሰጥሞ ሞቷል። ከአሥሩ ዘጠኙ እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። የተባበሩት መንግሥታት በዚያው ዓመት ለዚሁ ብሎ አንድ ቀን ሰይሟል፣ ጁላይ 25። በእኛ ሐምሌ 18 ማለት ነው፣ ካባው ጢም ብሎ የሚሞላበት ሰሞን።

አምና እድራችን ተሰበሰበ። እኔ የቢቹን ነገር ነገርኳቸው፣ የራሴንም ጨምሬ። አጣና ገዝተን በሽቦ አጠርነው። 30 ሜትር ገመድ ላይ ክዳኑ ጥርቅም ያለ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን አሰርንና እንጨት ላይ ሰቀልነው። ልጆቹንም ሰብስበን አለማመድናቸው፣ ጓደኛህ ከገባ ጀሪካኑን ወርውር፣ ጩህ፣ አንተ ግን አትግባ። ተከትሎ የሚገባው ነው ሁለተኛ ሆኖ የሚቀረው። የወጣውን ልጅ ዘቅዝቆ ውሃ ማፍሰስ እንደማይረዳ፣ ካልተነፈሰ በአፉ አየር መስጠትና ደረቱን መጫን እንደሚያስፈልግ ነገርናቸው። የእሳትና አደጋ ስልክ 939ን ጀሪካኑ ላይ በቀለም ጻፍን። ጠላቂዎች አሏቸው፣ ግን እዚህ እስኪደርሱ ያቺ ደቂቃ አልፋለች።

ከዋሽንግተን አንድ ወዳጄ ለአጣናው ላከልኝ። ለአንድ የልደት ድግስ ከሚያወጣው ያነሰ ነው። ሁለተኛው ካባ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው፣ ዘንድሮም ክፍት ነው። ሰኔ ሳይገባ 60 አጣና ይበቃዋል። እናንተም ያደጋችሁበት ሰፈር ደውሉና ጠይቁ፣ ካባው የት ነው፣ ማን ያየዋል በሉ።

እኛ ጋ ከሐምሌ እስከ መስከረም አዋቂ በተራ ይቀመጣል። ማክሰኞ የአክስቴ ተራ ነው። ልጇን የወሰድኩባት አክስቴ። ያኔ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ «ውሃው ዳር ማን ነበር?» አለችኝ። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ በርጩማዋን ይዛ ትመጣለች፣ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ፊሽካውን አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ልጅ ወደ አጥሩ ሲጠጋ ትነፋለች። እስኪመሽ አትነሳም።