ሻይ ፍለጋ ዳርጂሊንግ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ለሥራ ሕንድ፣ ካልካታ ልሄድ ነው። ሥራው ሲያልቅ አምስት ቀን ይተርፈኛል። ቦርሳዬን አዝዬ ብቻዬን ወደ ተራራማዋ ከተማ ዳርጂሊንግ ልወጣ አስቤያለሁ። የሻይ እርሻውን ማየት፣ በዝነኛዋ ትንሽ ባቡር መውጣት፣ ከታይገር ሂል የፀሐይ መውጫን ማየት እፈልጋለሁ። ጥር ወይም ሚያዝያ ይመቸኛል። የቱ ይሻላል? አምስት ቀንስ ይበቃል? (ዳዊት)

መልስ፦ ይበቃል፣ ዳዊት። ጥርን ግን ተወው። በጥር ተራራው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሻይ ግን የለም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አጋማሽ ቁጥቋጦው ተኝቶ ይከርማል። ለቃሚም የለ፣ ፋብሪካውም ጭር ያለ ነው። አንተ ደግሞ ሻይ ብለህ ነው የተነሳኸው። የዓመቱ የመጀመሪያ ለጋ፣ እነሱ ፈርስት ፍላሽ የሚሉት፣ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ይለቀማል። ስለዚህ ከሚያዝያ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያዝ። ክረምቱን አታስበው። መንገዱ ይናዳል፣ ሻይ ማሳው ውስጥ ደግሞ አልቅት እግርህ ላይ ይወጣል።

ከካልካታ ሲልዳ ጣቢያ በማታ ባቡር ተሳፈር፤ ጠዋት ኒው ጃልፓይጉሪ ትደርሳለህ። ትንሿ ባቡር የምትነሳው ከዚያ ነው። 88 ኪሎ ሜትሩን ለመውጣት ግን ሰባት ሰዓት ይፈጅባታል፣ ያውም ካልዘገየች። ጂፕ በግማሹ ጊዜ ያደርስሃል። እኔ «በባቡሯ ካልሆነ» ብዬ ድርቅ አልኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ደስ ይላሉ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ወገቤን ነው።

አንተ በጂፕ ውጣ። ባቡሯን ከዳርጂሊንግ ጉም ደርሶ መልስ ተሳፈርባት፤ ሁለት ሰዓት ግድም ነው። አዎ፣ የጣቢያው ስም ጉም ነው። ስሙን እኛ ያወጣንለት ነው የሚመስለው፣ እኔ የደረስኩ ዕለት ሰሌዳውን ለማንበብ ሥሩ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። 2,258 ሜትር ላይ ነው፤ በሕንድ ከዚህ ከፍ ያለ የባቡር ጣቢያ የለም። የሐዲዱ ስፋት 61 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ባቡሯ በሱቆቹ ደጃፍ ታክካ ነው የምታልፈው። እጅህን ብትዘረጋ የተሰቀለ ሹራብ ይዘህ ትሄዳለህ።

ታይገር ሂል ላይ ብዙ ተስፋ አትጣል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በብርድ ተነሳሁ፣ ለጂፕ ከፈልኩ። ያየሁት ነጭ ጭጋግና የሰው ማጅራት ነው። 8,586 ሜትሩን የካንቼንጁንጋ ተራራ ያየሁት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ጥርሴን እየፋቅኩ፣ በፔንሲዮኑ የጋራ መታጠቢያ ቤት መስኮት። በሚያዝያ ጭጋጉ ይበዛል። ስለዚህ ፊቱ ወደ ሰሜን የሆነ ክፍል ጠይቅ፣ ጠዋት ጠዋት መጋረጃ ግለጥ።

ሻዩን ለማየት ሃፒ ቫሊ ከከተማው በእግር ይደረሳል። እ.ኤ.አ. በ1854 የተመሠረተ እርሻ ነው። ሙሉ ግማሽ ቀን ስጠው። ሴቶቹ ዶኮ የሚባለውን ቅርጫት በግንባራቸው በሚያልፍ ገመድ አንጠልጥለው ቁልቁለቱ ላይ ይቆማሉ። ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ፣ ቀጨት፣ ወደ ኋላ ወርወር። ፎቶ ከማንሳትህ በፊት ጠይቅ፤ ሥራ ላይ ናቸው። ፋብሪካው ውስጥ ቅጠሉ በአየር ይጠወልጋል፣ ይታሻል፣ ይደርቃል። ማጠውለጊያው ጋ ቆም በል። ሽታው አዲስ የታጨደ ሣርና ፍራፍሬ ተቀላቅሎ ነው። ለእኔ ከተራራው ይልቅ ያ ሽታ ነው የቀረው።

አንድ ነገር ያስቅሃል። መንገድ ዳር «ቺያ» ብለህ ብታዝዝ ወተትና ስኳር የበዛበት ሻይ ይሰጡሃል፤ ቅጠሉ ብዙውን ጊዜ ከታች ከሜዳው የመጣ ርካሽ ድቃቂ ነው። የተራራው ምርጥ ቅጠል ባሕር ማዶ ይሸጣል። እሱን ለመቅመስ ሻይ ሱቅ ግባና አፍልተው እንዲያቀምሱህ ጠይቅ። ያለ ወተት፣ ያለ ስኳር። ቀለሙ ገርጥቶ ስታይ «ውሃ ነው እንዴ?» ትላለህ። እኔም ብያለሁ። ስትገዛ መቶ ግራም ይበቃሃል። ማሸጊያው ላይ ቅጠል የያዘች ሴት ምልክት መኖሩን እይ፤ በዳርጂሊንግ ስም የሌላ አገር ሻይ የሚሸጥ አይጠፋም።

ፔንሲዮን ስትይዝ ስለ ውሃ አስቀድመህ ጠይቅ። ከተማው የውሃ ችግር አለበት። የእኔዎቹ «ሙቅ ውሃ ሃያ አራት ሰዓት» ብለው አንድ ባልዲ አመጡልኝ፤ ስወጣ ሒሳቡ ላይ ባልዲውን ለብቻው ጽፈውት አገኘሁ። ማሞቂያም አትጠብቅ። ወፍራም ካልሲ ያዝ። ከተማው ደረጃ በደረጃ ስለሆነ ቦርሳህ ከስምንት ኪሎ አይብለጥ። ልብስህን በፌስታል ጠቅልል። ጂፑ ቦርሳህን ጣሪያው ላይ ነው የሚጭነው፤ የእኔው ሸራ ሳይለብስ ዝናብ ጠጥቶ ወጣ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን እንዳትረሳ። ከመብረርህ ቢያንስ አሥር ቀን ቀድመህ ተከተብ። ያለ ካርዱ ሕንድ ከገባህ እስከ ስድስት ቀን ለይተው ሊያቆዩህ ይችላሉ፤ አንተ ያለህ ደግሞ አምስት ነው።