«ድምፅህን ከፍ አድርግ» ሲሉት የሚጮኸው ልጅ

ጥያቄ፦ ለልጆች ክራር አስተምራለሁ። «ከፍ ያለ ድምፅ አውጡ» ስላቸው ይጮኻሉ። ፒችን በአማርኛ ምን ልበለው? ኢንተርቫልንስ?

መልስ፦ ልጆቹ እኮ አላጠፉም! በአማርኛችን «ድምፁን ከፍ አድርገው» የሚባለው ለሬዲዮ ነው፤ «ቀንሰው» ደግሞ ጎረቤት ሲቆጣ። ስለ ጉልበቱ ነው የምናወራው። ለፒች ሌላ ቃል አለን፣ ያውም ልጆቹ ቤት ውስጥ ሲሰሙት ያደጉት፦ ቀጭን ድምፅ፣ ወፍራም ድምፅ። ትንኝ ጆሮ ሥር ካልመጣች አትሰማም፣ ድምፅዋ ግን ቀጭን ነው። የበገና ድምፅ ወፍራም ነው፣ በገና ጮኸ የሚል ሰው ግን የለም።

መጻሕፍት «ከፍተኛ»፣ «ዝቅተኛ» ይላሉ። ስህተት አይደለም፣ ኖታ ላይም ምልክቱ ሽቅብ ነው የሚወጣው፤ ግን ኖታ ማንበብ እስኪጀምሩ ባይነኩት ይሻላል። «ቃና» የሚሉም አሉ፤ ለእኔ ቃና ወደ ጣዕሙ ያደላብኛል።

ታዲያ ክሩን ወጠር ሲያደርጉት ድምፁ ይቀጥናል፣ ክሩ ያው ነው። አንዱ ፈጣን «ክሩ መች ቀጠነ?» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ስለ መርገብገብ ያውሩ፤ ክሩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ሲርገበገብ ድምፁ ቀጭን፣ ጥቂት ጊዜ ሲርገበገብ ወፍራም ይሆናል። ብዙ ሙዚቀኛ መሣሪያውን የሚያስተካክልበት «ላ» (ከዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ አንዷ ናት) በሰከንድ 440 ጊዜ ነው፣ ቀጥሎ ቀጥና የምትመጣው «ላ» ደግሞ እጥፉ፣ 880።

ኢንተርቫልን፣ ማለትም አንዱ ድምፅ ከሌላው በቅጥነት የሚለይበትን መጠን፣ «ርቀት» ይበሉት፣ ይበቃል። የሚያስቸግረው አቆጣጠሩ ነው። ከዶ እስከ ሚ እርምጃው ሁለት ሆኖ ሳለ ስሙ «ሦስተኛ» ነው፣ ልጅ ደግሞ ይህን ዝም ብሎ አይውጥም። እዚህ ጋ የፊደል ገበታውን ያውጡ። ለ፣ ሉ፣ ሊ። «ሊ»ን ሣልስ የምንላት «ለ»ን ራሷን አንድ ብለን ስለጀመርን አይደል? ዶ አንድ፣ ሬ ሁለት፣ ሚ ሦስት። ፊደሉ ሳብዕ ላይ ያልቃል (ዲቃሎቹን እንተዋቸው)፣ እዚህ ግን ስምንተኛዋ ላይ ዶ ራሷ ቀጥና ትመለሳለች።

በትዝታ ቅኝት፣ ሜጀር በሚባለው ዓይነቱ፣ ያሉት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ልጆቹ የሚሰሙትን ብቻ ከቆጠሩ ከሚ እስከ ሶል «ሁለተኛ» ይሉዎታል። ፋ አልተመታችም እንጂ ቦታዋ አለ፦ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ስለዚህ ሦስተኛ ነው። ከዶ እስከ ሚ ካለው ግን በግማሽ ድምፅ (ከሚ እስከ ፋ ባለችው ትንሽ ርቀት) ያጥራል። ሁለቱን አከታትለው ደጋግመው ያሰሟቸው፤ እኔ ብሆን «ትልቅ ሦስተኛ»፣ «ትንሽ ሦስተኛ» የሚለውን ስም የምነግራቸው ጆሯቸው ከለየው በኋላ ነው።